ስለ ምክር ዋጋ

በገበያ የሚሸጥ ነገር ሁሉ መስፈሪያ አለው። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ቅቤ በሚዛን ይመዘናል፤ አቡጀዲ በክንድ ይለካል። ሻጭና ገዥ ቢጣሉ መስፈሪያውን አምጥተው፥ በፊታቸው ደግመው ሰፍረው ይታረቃሉ። ምክር ግን እንዲህ አይደለም። ምክር በቁና የማይሰፈር፥ በሚዛንም የማይመዘን፥ ካንዱ አፍ ወጥቶ ወደ ሌላው ጆሮ የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ ምክሩን በገንዘብ የሚሸጥ ሰው መስፈሪያውን ራሱ መሥራት ግድ ይሆንበታል። መስፈሪያውንም የሚሠራው ራሱ ስለ ሆነ፥ ለማጉደል ከሌላው ነጋዴ ሁሉ ይልቅ የሚመቸው ለእሱ ነው።

ይህን ነገር ያወቅሁት ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ ራሴ አጉድዬ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ነገ ጠበቃ፥ ሐኪም፥ ሒሳብ ዐዋቂ ወይም ጸሐፊ ሆናችሁ ዕውቀታችሁን እየሸጣችሁ የምትኖሩ ብዙዎች ናችሁና፥ ያጠፋሁትን ሳልሸሽግ፥ የተማርሁትንም ሳላጋንን እነግራችኋለሁ።

አገሬ ቦረና ነው። በደቡብ ያለውን ቦረና ማለቴ አይደለም፤ የወሎውን ነው። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የጉጉፍቱን ብርድና የአቀስታን ደጋ ካለፈ በኋላ፥ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲቃረብ መካነ ሰላም ከተማን ያገኛል። ገብስና ስንዴ፥ ባቄላም የሚዘራበት፥ ገበሬ በሬውን ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ የሚቆጥርበት ደጋ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ባጣሁ ጊዜ፥ በዚህች ከተማ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አንዲት ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፉ ወደ ነበሩ ወደ አንድ ሽማግሌ ተጠጋሁ።

ሽማግሌው ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ባለጉዳዩ ነገሩን ሲያወራ እስከ መጨረሻው ያዳምጡታል፤ ከዚያም ብዕራቸውን ሳያነሡ፥ «ይህ ነገር ሁለት ገጽ ይወጣዋል፤ ላንዱ ገጽ ይህን ያህል እቀበላለሁ፤ ይስማማሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁታል። ሰውየው ከተስማማ ይጽፋሉ፤ ጽፈውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነብቡለታል። ገንዘቡን ሲቀበሉ ደግሞ በቁራሽ ወረቀት ላይ «ስለ ሁለት ገጽ ማመልከቻ» ብለው ቀኑንና የገንዘቡን ልክ ይጽፉና ይሰጡታል። እኔ በልቤ እስቅ ነበር። አንድ ቀን፥ «ጋሼ፥ ይህ ባላገር ማንበብ አይችል፤ ወረቀቱ ምን ያደርግለታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «እሱ ባያነብ ልጁ ያነብለታል፤ ልጁም ባያነብ እኔ አነብበዋለሁ» ብለው መለሱልኝ። «እኔ አነብበዋለሁ» ያሉት ቃል ትርጉሙ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ባለጉዳይ ሁሉ በመጨረሻ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረ፤ «ይህ ማመልከቻ ያስፈርድልኛል ወይ?» ይላቸዋል። እሳቸውም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራቸው። «እኔ የምሸጥልህ ወረቀቱን፥ ቀለሙንና ድካሜን ነው፤ ፍርዱ የዳኛው ነው፤ የሌላ ሰው ዕቃ አልሸጥም» ይሉታል። ድሀ በመጣም ጊዜ ዋጋውን ሳይናገሩ በነጻ አይጽፉለትም ነበር። አስቀድመው ዋጋውን ይነግሩታል፤ ከዚያ በኋላ «አንተ ግማሹን ክፈል፤ ግማሹን እኔ ትቼዋለሁ» ይሉታል። ሰውየውም የተተወለት ምን ያህል እንደ ሆነ ዐውቆ፥ አንገቱን ሳይደፋ አመስግኖ ይሄዳል።

እሳቸው ሲሞቱ ጠረጴዛቸውን ወረስሁ፤ ልማዳቸውን ግን አልወረስሁም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮምፒዩተር ገዛሁና ከመንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሥራዬም ከፍርድ ቤት ማመልከቻ ወደ ውጭ አገር ጉዳይ ዞረ። ፓስፖርት የሚፈልግ፥ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድ የሚፈልግ፥ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ዲቪ የሚሞላ ሰው ደጄን ያጨናንቀው ጀመር።

ዲቪ የሚባለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሻሻል የተፈጠረ ዕጣ ነው። ወደ አሜሪካ ብዙ ሰው ካልሄደባቸው አገሮች፥ በያመቱ እስከ 55,000 ለሚደርሱ ሰዎች የመኖሪያ ቪዛ በዕጣ እንዲሰጥ ሕጉ ደነገገ። በመጀመሪያው ዘመን ማመልከቻው በፖስታ ይላክ ነበር፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በኮምፒዩተር ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር የሌለው ባላገር ሁሉ ኮምፒዩተር ወዳለው ሰው መሄድ ግድ ሆነበት። ምዝገባው ለብዙ ዓመታት ያለ ምንም ክፍያ ነበር። የሚጠየቀውም ከባድ ነገር አልነበረም፤ ስም፥ የትውልድ ቀንና ቦታ፥ ፎቶግራፍ፥ የትዳርና የልጆች ሁኔታ፥ የትምህርት ደረጃ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ፥ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው መግባት ይችል ነበር። ፎርሙ ሲላክ ኮምፒዩተሩ አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ በጥቅምት የሞላ ሰው በሚያዝያ መጨረሻ ዕጣው ወጥቶለት እንደ ሆነ የሚያየው በዚሁ ቁጥር ነበር። እንግዲህ ቁጥሩን የያዘ ሰው የበሩን ቁልፍ ያዘ ማለት ነው።

ጥፋቴ የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። ሰው መጥቶ «ዋጋው ስንት ነው?» ሲለኝ፥ «የፈቀድኸውን» እለው ነበር። ይህ አነጋገር ቸርነት ይመስላል። ሰዎችም እንደ ቸር ቈጥረውኝ አንዱ 20 ብር፥ አንዱ 50 ብር፥ አንዲቱም ዕንቁላል አምጥታ ትሰጠኝ ነበር። የማረጋገጫ ቁጥሩንም «ይጠፋባችኋል፤ እኔ እይዝላችኋለሁ» እያልሁ በደብተሬ መዘገብሁት። ይህም አሳቢነት ይመስል ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ዋጋውን ያልነገሩት ሰው ዕዳው ስንት እንደ ሆነ አያውቅም፤ ዕዳውን የማያውቅ ሰው ደግሞ ከፍሎ አይጨርስም። እኔም ሳላውቀው፥ ወይም እያወቅሁ እንዳላወቀ ሆኜ፥ ከፍለው የማይጨርሱ ብዙ ባለዕዳዎች በደብተሬ አከማችቼ ነበር።

አንድ ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስመለከት፥ የአንድ ገበሬ ልጅ ዕጣ ወጥቶለት አገኘሁ። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ከአባቱ ጋር የሚያርስ ጭምት ልጅ ነበር። ልቤ በደስታ ዘለለ። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፥ ደስታው ለልጁ ብቻ አልነበረም።

በማግሥቱ ከሌላ ከተማ የሚመላለስ አንድ የማውቀው ደላላ ወደ ቤቴ ሲመጣ ነገሩን አጫወትሁት። እሱም ሳቀና፥ «ዕጣ የወጣለት ልጅ ወርቅ ነው፤ ቁጥሩን እንዳትሰጠው፤ ወይ ገንዘብ አስከፍለው፥ ወይ ሚስት አስጽፍበት» አለኝ። ሚስት ማስጻፍ ማለት፥ አሜሪካ ለመሄድ ገንዘብ የምትከፍል ሴት ትፈለግና፥ ልጁ እንዳገባት ተደርጎ በሱ ዕጣ እንድትሄድ ማድረግ ነው። ይህ በኛ አገር ብቻ የተፈጠረ ተንኰል አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ፥ ፎርም ሞዪዎች የባለዕጣውን ቁጥር ይዘው ገንዘብ ወይም የሐሰት ጋብቻ እንደሚጠይቁ እየገለጸ አመልካቾችን ያስጠነቅቃል። የሐሰት ጋብቻው የተገኘበት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አሜሪካ እንዳይገባ ሊታገድ ይችላልና፥ ይህን ሁለተኛውን ፈራሁት። የመጀመሪያውን ግን አልፈራሁትም።

አባትየውን አስጠርቼ የምሥራቹን ነገርሁት። እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ እኔንም መረቀኝ። ምርቃቱ ሳያልቅ፥ «ነገሩን እስከ መጨረሻው ለማድረስ 10,000 ብር ያስፈልጋል» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «ይሁን እንጂ፥ ልጄ፤ አንተ ያልኸው ይሁን» ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ የገበያ ቀን ማታ መጣ። ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ገንዘቡን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይዞ ነበር። ቋጠሮውን ፈትቶ ከጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፥ ቈጥረህ ተቀበል። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። የቤቴ ሰዎች በሬውን ለምን ሸጥኸው ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔ አስተካክዬ መናገር አልችልም። ስለ ምን ስለ ምን እንደ ከፈልሁ በወረቀት ጻፍልኝ። ሽማግሌው ጸሐፊ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ሁልጊዜ ይጽፉልኝ ነበር፤ ወረቀታቸው እስካሁን ከሣጥኔ አለ።»

ወረቀት አወጣሁ። ቀኑን ጻፍሁ። «ስለ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ ብዕሬ ቆመ።

«ስለ ፎርም መሙላት» እንዳልል፥ ፎርሙን የሞላሁት በጥቅምት ነው፤ ልጁም ያን ጊዜ 30 ብር ሰጥቶኛል። «ስለ ምክር» እንዳልል፥ አንዲት ምክር እንኳ ገና አልሰጠሁትም። «ስለ ዕጣው» እንዳልል፥ ዕጣውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። «ስለ ቁጥሩ» እንዳልል፥ ቁጥሩ የገዛ ልጁ ነው። የቀረኝ አንድ እውነተኛ ቃል ነበር፤ እሱም «ልጅህን ከበሩ ውጭ አቁሜ ቁልፉን ስለ መያዜ» የሚል ነው። ይህንን ደግሞ ማን በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርማል? አባትየው ፊቴን ትኵር ብሎ ይጠብቃል። ማንበብ አይችልም፤ የፈለግሁትን ጽፌ ልሰጠው እችል ነበር። ነገር ግን «ልጁም ባያነብ እኔ አነብበዋለሁ» ያሉት የሽማግሌው ድምፅ መጣብኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያነብበው የሚጽፈው ሰው ራሱ ነው።

ገንዘቡን መልሼ ከቋጠሮው አገባሁለት። ቁጥሩንም ከደብተሬ ቀድጄ ሰጠሁትና፥ «አባባ፥ ተሳስቻለሁ፤ ከርስዎ የምቀበለው ምንም የለኝም» አልሁት። እሱ ግን ደስ አላለውም። በሬው አልፏል። ገዥው ከቆላ የመጣ ነጋዴ ስለ ነበረ ይዞት ሄዷል፤ በማግሥቱ በዚያ ገንዘብ ያን የመሰለ በሬ ሊያገኝ አልቻለም። በሰኔ አንድ በሬ ካለው ከሌላ ገበሬ ጋር በመቀናጆ አረሰ፤ ተራ እየጠበቀም ዘሩ ዘገየበት። ልጁም አሜሪካ አልሄደም። ዕጣ ወጣ ማለት ቪዛ ተሰጠ ማለት አይደለምና፥ ለዕጣው የሚመረጡት ሰዎች ከቪዛው ቁጥር ይበዛሉ፤ የተራ ቁጥሩ ሩቅ የሆነበት ሰው ሳይደርሰው ዓመቱ ይዘጋል። የሱም እንደዚሁ ሆነ። እኔ ያን 10,000 ብር ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ፥ ያልነበረኝን ነገር ላልደረሰው ሰው ሸጬ ነበር ማለት ነው። በሬውን ግን ገንዘቡን ብመልስም አልመለስሁትም። ጥፋት ከተመለሱበትም በኋላ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከፋዩም ብዙ ጊዜ አጥፊው አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ወረቀት ገንዘብ መቀበል ተውሁ። የሒሳብ ወረቀቴም አራት መስመር ነበረው። በመጀመሪያው መስመር የሠራሁትን ሥራ እጽፋለሁ፤ ፎርም ሞልቼ እንደ ሆነ ፎርም፥ ውል አንብቤ አስረድቼ እንደ ሆነ የገጹን ብዛት። በሁለተኛው የኔን ዋጋ። በሦስተኛው ለመንግሥት ወይም ለሌላ ቦታ የሚከፈለውንና በኔ እጅ የማያልፈውን ገንዘብ ለብቻው እለያለሁ፤ ብዙ ማታለል የሚደረገው ሁለቱን ባንድ ቁጥር በማደባለቅ ነውና። በአራተኛው መስመር ተስፋ ያልሰጠሁበትን ነገር እጽፋለሁ፤ «ዕጣው እንዲወጣ፥ ቪዛው እንዲሰጥ ቃል አልገባሁም» እላለሁ። ይህችን አራተኛ መስመር መጻፍ ገበያዬን አጐደለው። ሰው ተስፋ ወደሚሸጥለት ይሄዳል እንጂ፥ ተስፋ አልሸጥም ወደሚለው አይመጣም። ሁለት ዓመት ያህል የቤት ኪራዬን በብድር እከፍል ነበር።

ይህ ወረቀት ጥቅሙ የታየኝ አንዲት እናት ልጇን ይዛ በመጣች ጊዜ ነው። የደቡብ ወሎ ልጆች ወደ ሳውዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎቹ የዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት መሄዳቸው የታወቀ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ሲመለሱ፥ በኛም ቀበሌዎች ባዶ እጁን ያልተመለሰ ጥቂት ነው። መንግሥት ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን በ2006 ዓ.ም. አግዶ በ2010 ዓ.ም. እገዳውን አነሣ። በመካከሉ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። የ2008ቱ አዋጅ ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ ጽፏል። የመግቢያ ቪዛውን፥ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፥ የመድን ዋስትናውን የሚከፍል አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የፓስፖርቱን፥ የልደት ማስረጃውን፥ የሕክምና ምርመራውንና የክትባቱን፥ እንዲሁም ሌሎች ማስረጃዎቿን የማረጋገጫውን ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅም በምንም መንገድ አትሄድም።

እናትየዋ፥ «እንዴት ዋልህ፥ ልጄ፤ ለቪዛና ለአውሮፕላን 40,000 ብር አምጪ ብሎናል፤ መሬቱን በወለድ አገድ ልሰጥ ነው፤ ደግ ነው ወይ?» አለችኝ። ዋጋዬን አስቀድሜ ነገርኋት፤ 40 ብር ነው። ወረቀቱን በሦስት ረድፍ ከፈልሁና ባንዱ አሠሪው የሚከፍለውን፥ በሁለተኛው ልጅቱ የምትከፍለውን፥ በሦስተኛው ደላላው የጠየቀውን ጻፍሁ። ከዚያ ልጅቱን «አንቺ አንብቢላት» አልኋት። ልጅቱ እያነበበች ሄዳ፥ ደላላው የጠየቀው ሁሉ አሠሪው ሊከፍለው የሚገባ መሆኑን ስትደርስበት ድምፅዋ ዝቅ አለ። እናትየዋ ግን አንድ ነገር ጨመረች። «መታወቂያዋ ሃያ ዓመት ይላል፤ እኔ ግን የወለድሁበትን ክረምት አውቀዋለሁ፤ ገና ዐሥራ ስድስት ነው» አለች። ይህንንም ጻፍሁት፤ «በዕድሜዋ ምክንያት አሁን መሄድ አይገባትም» ብዬ።

ልጅቱ ተቈጣች። «ምክርዎን ሰማሁ፤ ግን ምክር ቤታችንን አያድስም፤ ታናናሾቼንም አያስተምርም» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። እናትየዋ በእጇ የነበረውን 30 ብር ሰጠችኝ። «ዐሥሩን ትቼዋለሁ» ብላት፥ «አይሆንም፤ አመጣልሃለሁ» ብላ ሄደች።

ከሦስት ወር በኋላ ብቻዋን መጣች። ልጅቱ ከሌሎች ልጆች ጋር ሌሊት ወጥታ፥ በአፋር በረሃ ወደ ጂቡቲ፥ ከኦቦክም ባሕሩን ተሻግራ ወደ የመን እንደ ገባች፥ ከብዙ መከራ በኋላ ሳውዲ ደርሳ እንደ ደወለች ነገረችኝ። ከመቀነቷ ዐሥር ብር ፈትታ ከጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እማማ፥ እንዴት እቀበላለሁ? ምክሬ ምንም አልረዳሽም» አልኋት። እሷም፥ «ልጄ አልሰማችህም፤ ወረቀቱ ግን እውነት ነበረ። መሬቴም አልሄደብኝም። ዕዳዬን ልክፈል፤ ለማኝ አታድርገኝ» አለችኝ።

ዐሥር ብሩን ተቀብዬ «ስለ አንድ ገጽ ምክር የቀረ ሒሳብ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነገር ግን «ስለ» ከሚለው ቃል በኋላ ብዕሬ አልቆመም።

ይህን ጥያቄ ሌሎችም መንግሥታት በሕግ አስበውበታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፥ ፈቃድ ሳይኖረው በሙያ መልክ የኢሚግሬሽን ምክር የሚሰጥ ሰው ወንጀለኛ ነው። ፈቃድ ያለውም ሰው ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ ምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚያስከፍል ለባለጉዳዩ በጽሑፍ መግለጥ ይገባዋል። በአሜሪካ ደግሞ ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ ስደተኞች «ኖታሪዮ» በሚል ስም ብዙ ጊዜ ይታለላሉ፤ ይህ ስም በአገራቸው የከፍተኛ ሕግ ዐዋቂ ማዕርግ ሲሆን፥ በአሜሪካ ግን ፊርማ ከማረጋገጥ ያለፈ ሥልጣን የለውም። እንግዲህ ከስም ይልቅ ወረቀቱን መመርመር በየትም አገር ያስፈልጋል። ወደ ባሕር ማዶ የሄዱ ወገኖቻችንም ጉዳያቸውን ለሚያስፈጽም ሰው ሲከፍሉ ይህንኑ ሊያስቡ ይገባል፤ የገዛ ቋንቋችንን የሚናገር ሁሉ ወንድም አይደለምና።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ሕጉ ወረቀት እንዲጻፍ ያዛል፤ በወረቀቱ ላይ እውነት እንዲጻፍ የሚያደርገው ግን የጸሐፊው ሕሊና ነው። ሐሰተኛ ሰው ሐሰቱን አሳምሮ በማኅተም ያትመዋል። ቢሆንም የተጻፈ ሐሰት ከተነገረ ሐሰት ይሻላል። ምክንያቱም በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለው፥ የተጻፈው ነገ በዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል።

ወጣቶች ሆይ፥ ሁለት ነገር ልምከራችሁና ላብቃ። ምክር ፈላጊ ስትሆኑ፥ «የፈቀድኸውን» ለሚላችሁ ሰው አትገዙ፤ ዋጋውን ጠይቁት፤ ስለ ምን እንደምትከፍሉም አስጽፉት። ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ ቆይተው በሬ መሸጥ ግን ጕዳት ነው። የገዛ ጉዳያችሁን ቁጥርና ወረቀት ደግሞ በማንም እጅ አትተዉ።

መካሪ ስትሆኑ ደግሞ ዋጋችሁን ለመናገር አትፈሩ፤ ድካም ዋጋ አለው፤ በነጻ የሚሠራ ሰው ነገ በሌላ መንገድ ያስከፍላል። ለድሀ መተው ስትፈልጉም የተዋችሁትን ንገሩት እንጂ ዋጋውን አትደብቁት። የዳኛውን ፍርድ፥ የቆንስሉን ቪዛ፥ የዕድልን ዕጣ አትሽጡ፤ የናንተ አይደሉምና። ገንዘብ ለመቀበል እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና «ስለ» ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ የሚጻፈው ቃል በቀላሉ ከመጣላችሁ ገንዘቡ የናንተ ነው። ብዕራችሁ ከቆመ ግን ገንዘቡን መልሱ፤ ቶሎም መልሱት፥ በሬው ሳይሸጥ።